ገና ያልታወቀው ታካሚ

ከስታዲየም እስከ ኡራኤል፣ ከፍልውኃ እስከ መስቀል ፍላወር ያሉትን የሕክምና በሮች ልቁጠር ያለ ሰው ቀኑ ይመሽበታል። ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ጋንዲ መታሰቢያ የእናቶች ሆስፒታል አለ፤ ካዛንቺስና ሌሎች ሠፈሮች የየራሳቸው ጤና ጣቢያ አላቸው፤ የመንግሥታቱ ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በቅጥሩ ውስጥ ክሊኒክ አለው። በኪራይ ቪላና በየፎቁ የተከፈቱት የግል ክሊኒኮች ሲጨመሩ፣ የአዲስ አበባ ሳልና ትኩሳት ብዙው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በኩል ያልፋል ማለት ይቻላል።

የሚያልፈው ግን ስሙን ይዞ አይመጣም። ካርድ ክፍል ፊት የተሰለፈ ሰው «ያልበኛል፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ሳሉ አላስተኛ አለኝ» ይላል እንጂ «ቲቢ ይዞኛል» አይልም። እስኪጣራ ድረስ ከነፍሰ ጡሯ ጎን ይቀመጣል፣ ካርድ የምታወጣለት ሠራተኛ ፊት ይስላል፣ ሙቀቱን ለምትለካው ነርስ ክንዱን ይሰጣል። ምርመራው ደርሶ በሽታው ስም እስኪያገኝ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ።

ስለ ተላላፊ በሽታ ጥንቃቄ ሲወራ በብዙ ሰው ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ተሸፍኖ መነጽር የደረበ ሐኪም ነው። ያ ሐኪም ግን ምን እንደሚጠብቀው ያወቀ ሐኪም ነው። የጤና ባለሙያዎች የተያዙባቸውን ወረርሽኞች አንድ በአንድ ያየ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛው ጉዳት የደረሰው በለይቶ ማከሚያው ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ታካሚው «ተራ ታካሚ» በነበረባቸው ሰዓታት ነው።

ለቂርቆስ ዓይነት ሠፈር ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የሌጎስ ነው። በሐምሌ 2006 ዓ.ም ከላይቤሪያ የመጣ አንድ መንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወደቀ። የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሞች ሥራ አቁመው ስለነበር በከተማዋ እምብርት ኦባሌንዴ ወደሚገኝ የግል ሆስፒታል ተወሰደ። በመጀመሪያ የታከመው እንደ ወባ ሕመምተኛ ነው። ነርሶቹና ረዳቶቹ ደሙንና ትውኪያውን የነኩት ያኔ ነው። ዶክተር አሜዮ አዳዴቮህ ነገሩ አላምር ብሏቸው ኢቦላን ጠረጠሩ፤ ይለቀቅ የሚለውን የባለሥልጣናት ግፊት ተቋቁመው ታካሚውን አስቀሩት። ውጤቱም ጥርጣሬያቸውን አረጋገጠ። ናይጄሪያ 20 ሰዎች ብቻ ተይዘው፣ 8 ሞተው ከወረርሽኙ ወጣች። ከስምንቱ አንዷ ራሳቸው ዶክተር አዳዴቮህ ነበሩ፤ ነሐሴ 13 ቀን 2006 ዓ.ም አረፉ። ሚሊዮኖች የሚኖሩባትን ከተማ ያተረፈው «ይህ ወባ ላይሆን ይችላል» የሚል አንድ ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬው ከመምጣቱ በፊት ለነበሩት ሰዓታት ግን ዋጋ የከፈሉት ሠራተኞቹ ናቸው።

ኢትዮጵያም ከዚህ የራቀች አይደለችም። በኅዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ፣ ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ማርበርግ የኢቦላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሲጀምር ትኩሳትና ድካም፣ ቀጥሎ ተቅማጥና ትውከት ስለሚያመጣ በወባ አገር በመጀመሪያው ቀን ማንም ወባ ነው ቢል አይፈረድበትም። ከጂንካ አዲስ አበባ በአውሮፕላን የግማሽ ቀን ጉዳይ እንኳ አይደለም።

በጎ ልምድም አለ። በ2007 ዓ.ም ኢትዮጵያ በአፍሪካ ኅብረት ጥሪ 187 የጤና ባለሙያዎቿን ወደ ምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ቀጣና ልካ ነበር። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ከምንም አስቀድመው ከሚሠለጥኑባቸው ነገሮች አንዱ የመከላከያ ልብስ ማውለቅ ነው፤ መልበስ ቀላል ነው፣ የቆሸሸውን ጓንት በምን ተራ፣ ጋዋኑን ከየት ጀምሮ፣ መነጽሩን በየትኛው እጅ ማንሳት እንደሚገባ ግን በአጋር ዓይን ሥር ካልተለማመዱት እጅ ፊትን ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ወረርሽኝ ከጥር 2014 እስከ መጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ በከፋባቸው ሦስት አገሮች 815 የጤና ሠራተኞች መያዛቸውን መዝግቧል። ከነዚህ ብዙዎቹ የተያዙት በኢቦላ ማዕከላት ሳይሆን በተራ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ነው።

ማርበርግና ኢቦላ ግን በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። የየዕለቱ ጉዳይ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። መድኃኒት የተላመደውን ቲቢ በተመለከተ በ2021 እ.ኤ.አ. ከከፍተኛ ጫና አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ለዚህ መንገድ የጠረገው በየካቲት 2001 ዓ.ም በእንጦጦ ግርጌ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የተጀመረው ሕክምና ነው። ያን ዘመን መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ሕሙማን መካከል መሥራት በከተማዋ አደገኛ ከሚባሉ ሥራዎች አንዱ ነበር። ነገር ግን ቅዱስ ጴጥሮስ የሚሠራ ነርስ በሩን ሲያልፍ የት እንደገባ ያውቃል፤ ማስኩን አጥብቆ ያስራል፣ መስኮቱን ይከፍታል፤ ታካሚውም መድኃኒት ጀምሯል። የሚሠራ መድኃኒት የጀመረ ታካሚ ደግሞ ቲቢን የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ወንበር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ የሳል ሽሮፕ ሊያዝለት የተቀመጠው ሰው ለነርሷ ከዚያ የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ዘውዲቱ ላይ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ሆስፒታሉ ከአገሪቱ ቀደምት የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው፤ መድኃኒቱ በነፃ መታደል ከጀመረበት ከጥር 1997 ዓ.ም አስቀድሞም ታካሚዎችን ያስተናግድ ነበር። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች በብዛት በሚመላለሱበት ግቢ አንድ ያልታወቀ የቲቢ ሳል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደቡብ አፍሪካ በቱጌላ ፌሪ ሆስፒታል አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ዘገባ እጅግ ብዙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከተገኘባቸው 53 ሰዎች 52ቱ ሞቱ፤ ለኤች አይ ቪ የተመረመሩት በሙሉ ቫይረሱ ያለባቸው ነበሩ፤ ከሟቾቹም መካከል የጤና ሠራተኞች ነበሩ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በር ላይ የቆመ አንድ ሰው «ሳል አለብዎት? ሁለት ሳምንት ሆነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ያለውን ከሰልፉ ያወጣዋል፤ ተራ ማስክ ይሰጠዋል፤ አክታውም ቶሎ ጂን ኤክስፐርት ወደሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ይሄዳል። ማሽኑ በሁለት ሰዓት ገደማ መልስ ይሰጣል። ባለሙያዎቹ «ልየታ» ወይም «ትሪያጅ» የሚሉት ይህ ነው። በተግባር ግን የበሩ ሥራ ወደ ጥበቃ ሠራተኛው የተጣለ ሲሆን፣ ጥበቃው ቦርሳ ይፈትሻል እንጂ ሳል አይፈትሽም።

ማስኩ ለማን ይሁን የሚለውም ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ይመዝናል። በደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ሰዎች ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር ጊኒ ፒግ የሚባሉ እንስሳት ወዳሉባቸው ሁለት ክፍሎች መራ። ታካሚዎቹ አንድ ቀን ተራውን የቀዶ ሕክምና ማስክ ያደርጋሉ፤ በማግስቱ አያደርጉም። ማስክ ያልተደረገባቸውን ቀናት አየር ከተነፈሱት 90 እንስሳት 69ኙ ተያዙ፤ ማስክ የተደረገባቸውን ቀናት አየር ከተነፈሱት 90 ደግሞ 36ቱ። ይኸው ተራ ማስክ በነርሷ ፊት ላይ ሲሆን ግን በጉንጯ ዳርና ዳር አየር ያስገባል፤ ጥቃቅኑን ቅንጣት ለመያዝ ኤን 95 የተባለው ማስክ ያስፈልጋታል። የሚታየው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሠራተኛው ተራ ማስክ አድርጎ፣ የሚስለው ታካሚ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ይቀመጣል። ታካሚው ማስክ አድርግ ሲባል ቅር ይለዋል፤ ጎረቤት ካየው ወሬው ሠፈር ይደርሳል። ስለዚህ ማስክ «ቲቢ ላለበት» ሳይሆን ማን ይሁን ማን ለሚስል ሰው ሁሉ የሚሰጥ ከሆነ ምልክትነቱ ይቀራል።

ኮቪድ 19 ይህን ሁሉ ያስተምራል ተብሎ ነበር። ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትር ሆነው በተሾሙ ማግስት፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም፣ የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ ሆነ፤ ከቡርኪናፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። በዚያው ወር ከውጭ የሚገቡ መንገደኞች ለ14 ቀን በራሳቸው ወጪ ሆቴል እንዲቆዩ ሲታዘዝ፣ ከተመደቡት ሆቴሎች አንዱ እዚሁ ቂርቆስ ያለው ግዮን ነበር። መጋቢት 13 የቻይናው ባለሀብት ጃክ ማ የላኩት ዕቃ ቦሌ አረፈ፤ ለእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር 100,000 ማስክ፣ 20,000 የመመርመሪያ ኪትና 1,000 የመከላከያ ልብስ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ በኋላም ሚሊኒየም አዳራሽ የኮቪድ ማዕከል ሆኑ።

የዚያን ጊዜውን ውጤት በቁጥር ያሳየ አንድ ጥናት አለ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅና በጅማ የጤና ሠራተኞችን ደም እየመረመረ የተከታተለው ይህ ጥናት፣ በአዲስ አበባው ሆስፒታል ለኮቪድ ቫይረስ ተጋልጠው የነበሩት ሠራተኞች በነሐሴ 2012 ዓ.ም 10.9 በመቶ እንደነበሩ፣ በየካቲት 2013 ዓ.ም ግን 53.7 በመቶ መድረሳቸውን አገኘ። በስድስት ወር ውስጥ ከአሥር አንዱ የነበረው ከሁለት አንዱ ሆነ ማለት ነው። ጅማም በመጨረሻ ከግማሽ በላይ ሆናለች። ይህ ሁሉ ከሕመምተኛ አልጋ አልመጣም፤ ነርስ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ከባልደረባዋ ጋር ትመሳለች፣ ሠርግና ለቅሶ ትደርሳለች። ሰው በሕመምተኛ ፊት ይጠነቀቅና ሻይ ቤት ሲገባ ማስኩን አገጩ ላይ ያወርዳል፤ ባልደረባ እንደ ቤተሰብ ነው፣ ከቤተሰብ ደግሞ ማን ይጠነቀቃል? ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም በኤካ ኮተቤ ከጤና ባለሙያዎች ሲጀመር ማዕበሉ ብዙዎቹን ቀድሟቸው ነበር።

ከሳንባ ወደ ደም እንለፍ። መርፌ የወጋው ያልተከተበ ሠራተኛ፣ ታካሚው ሄፓታይተስ ቢ ካለበት የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው፤ በኤች አይ ቪ ግን 0.3 በመቶ ያህል። ፍርሃቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መርፌ የወጋት ነርስ የምታስበው ኤች አይ ቪን ነው፤ ለእሱም በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት አለ። ለሄፓታይተስ ቢ ያለው ጥሩ ነገር ከአደጋው በፊት የሚወሰድ ሦስት ዙር ክትባት ነው። በኢትዮጵያ ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ነርሶች፣ ሐኪሞችና አዋላጆች በሕፃንነቱ የተከተበ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚከተቡት ተቋማቸው ካስከተባቸው ወይም ራሳቸው ገዝተው ነው። በቀን ምን ያህል ደም እንደሚነካ ለሚያውቅ የእናቶች ሆስፒታል አዋላጅ ይህ ክትባት ከማስኩ ወሬ ሁሉ ይቀድማል። መርፌን መልሶ መክደን ክልክል መሆኑን የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ ሆኖም ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ከአልጋው አምስት እርምጃ ከራቀ ይከደናል።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ ዋናው መሣሪያ በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና ነው። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና፣ አንድ እጁ በዘጠኝ እጅ ውኃ ሲበረዝ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ደም የፈሰሰበትን ወለል የሚያጸዳው እሱ ነው። በግምት ሲቀላቀል ወይ ይቀጥናል ወይ ዓይን ያቃጥላል፤ ጠዋት ተበጥብጦ ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሽታው እንጂ ኃይሉ አይቀርም። የቀዶ ሕክምና መሣሪያን ከመታጠቡ በፊት ለ10 ደቂቃ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍም ትውልድ የተማረው ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያው ይህን አይደግፍም፤ መሣሪያውን ያበላሻል፣ ክሎሪኑንም ደሙ ያሸንፈዋል፤ በጓንትና በብሩሽ መታጠብ ይቀድማል፣ ከዚያ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ ይከተላል። የቆየ ትምህርት ግን እንደ ቆየ ዕዳ ቶሎ አይለቅም።

ይህ ሁሉ ውኃ ይፈልጋል። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ውስጥ ሮቶ የሌለው ክሊኒክ «እጅህን ታጠብ» የሚል ፖስተር ለጥፎ መቆየት ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ በ80 በመቶ ኤታኖል፣ በትንሽ ግሊሰሮልና በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚዘጋጀው የእጅ ማሻ አልኮል ለአዲስ አበባ ከቅንጦት ይልቅ ከቧንቧው የሚታመን ነገር ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ካሽ» የተባለው የጽዱና ደህንነታቸው የተጠበቀ ተቋማት ንቅናቄ ግቢዎችን አስውቧል፣ ብዙ ዛፍ አስተክሏል፤ አበባ ከሚተከልበት ገንዘብ ግን ጥቂቱ ወደ ሮቶ ቢዞር ባልከፋ።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ቢጫውን ከረጢት የምታነሳው፣ የሞላውን ሴፍቲ ቦክስ ወደ ማቃጠያው የምትወስደው፣ ታካሚው ከወጣ በኋላ ፍራሹን የምታጥበው እሷ ነች። በብዙ ሆስፒታሎች ደግሞ ቀጣሪዋ ሆስፒታሉ ሳይሆን የጽዳት ተቋራጭ ነው፤ ሥልጠና ሲዘጋጅ ስሟ ከዝርዝር ይጎድላል፤ ክትባት ሲመጣም እንዲሁ። ወፍራሙ የጎማ ጓንት ለእሷ መድረስ ሲገባው በቀጭኑ የመመርመሪያ ጓንት ትሠራለች። ቀጥሎ አስታማሚው አለ። በአዲስ አበባ ታካሚ ብቻውን አይተኛም፤ እህት ወይም ልጅ ምግብ ታመጣለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ሌሊቱን ወለል ላይ ታድራለች። አብዛኛውን የነርስ ሥራ የምትሠራው እሷ ስትሆን፣ ስለ ጓንትና ስለ ማስክ የሚነግራት የለም።

ከሁሉ የሚረሳው አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የፔሩ ጥናት በሊማ ከተማ ስምንት ሆስፒታሎች የክፍሎችን አየር ለካ። መስኮትና በር ሲከፈት፣ ከ1950 በፊት የተሠሩት ባለ ረጅም ጣሪያና ባለ ሰፊ መስኮት ክፍሎች በሰዓት 40 ጊዜ አየራቸው ሲለወጥ፣ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተገነቡት ዘመናዊዎቹ 17 ጊዜ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ ካልታከመ የቲቢ በሽተኛ ጋር 24 ሰዓት መቆየት ምን ያህል ሰው እንደሚያስይዝ አሰሉ፤ በአሮጌዎቹ 11 በመቶ፣ በዘመናዊዎቹ 33፣ ውድ የአየር ማሽን በተገጠመላቸው 39። ማሽኑ ተሸነፈ።

እዚህ አገር ግን መስኮት ጠላት አለው። በሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው «ዝጋው፣ ንፋስ መታን» ይባላል፤ ሕመምተኛ ክፍል ውስጥማ ክፍት መስኮት እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። ብርድ በሽታ ያመጣል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ነርሷም እንደ ታካሚው እናት ያደገችበት ነው። ቀን የተከፈተው መስኮት ማታ አስታማሚ ይዘጋዋል። ለታካሚው ብርድ ልብስ ጨምሮ መስኮቱን ክፍት መተው ይቻላል፤ ይህን ለአስታማሚ ለማስረዳት ግን ምክንያቱን የተረዳች ነርስ ያስፈልጋል።

ካዛንቺስ አሁን እንደ አዲስ የሚሠራበት ጊዜ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በኮሪደር ልማት የቀድሞው ሠፈር ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ። ከፈረሱት ቤቶች መካከል ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳ የነበራቸው ነበሩ፤ በረንዳ ለሚስል ሰው ጥሩ መጠበቂያ ነው፣ ዋጋውም ጥቂት ወንበር ነው። በምትካቸው የሚነሱት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ፊታቸው መስታወት ሲሆን፣ የማይከፈት መስኮትም እየተለመደ ነው። በየፎቁ ክሊኒክ መከፈቱ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት በተፈጥሮ አየር በሚተነፍስ ተራ የመኝታና የተመላላሽ ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር፣ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ላለበት ደግሞ 160 ሊትር ንጹህ አየር ይጠይቃል። በአራተኛ ፎቅ ላይ በጂፕሰም ቦርድ ተከፋፍሎ መስኮት የሌለው የምርመራ ክፍል ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ አየር ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያ ይፈልጋል፣ ካልሆነም አክታ የሚሰጥበት ቦታ ወደ ጣሪያው መውጣት አለበት። በኮቪድ ዘመን ብዙ ተቋማት በግቢያቸው ድንኳን ጥለው የሚስለውን እዚያ ይቀበሉ ነበር። ድንኳኖቹ ከተነሱ ቆይተዋል፤ ሰልፉም ወደ ካርድ ክፍሉ ኮሪደር ተመልሷል።